የባለወንበሩ ወገን

በዚያች ከተማ ያገባ፣ ልጅ የዳረ፣ ዘመድ የቀበረ ወይም ስብሰባ ላይ ያንቀላፋ ሰው ሁሉ ጋሽ ወንበሬን ያውቀዋል። ያገባበትም ያንቀላፋበትም ወንበር የእሱ ነዋ! ስሙ ግን ይህ አይደለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ባለቤቱ፣ ታላቅ እህቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዳቸው በዚያ ስም ሲጠሩት ደግሞ ደህና ነገር እንዳልመጣበት ያውቃል።

መጋዘኑ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጋራዥ ጎን ነው። በሩ ሲከፈት የቀለምና የአሮጌ ብረት ሽታ ይወጣል። ታጣፊ የብረት ወንበሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል፤ መቀመጫቸው ባለቤቱ በመኪና የሰፋችው ቀይ ልብስ ለብሷል፤ ጀርባቸው ላይ እንዳይጠፉ ተብሎ ነጭ ሰረዝ ተቀብቷል። ሰረዙ አንድም ወንበር ከመጥፋት አድኖ አያውቅም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጋሽ ወንበሬ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ «አረፍ በል» ሲባል፣ የቀረበለት ወንበር ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። ይቀመጥበታል፣ የተሰጠውን ሻይ ይጠጣል፣ አመስግኖ ይወጣል። አንድም ቀን «ይሄ እኮ የኔ ነው» ብሎ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰው ካኮረፈው እህል አይወርድለትም። ባለቤቱ «ሰው ወዳድ ነው» ትላለች። እህቱ «ፈሪ ነው» ትላለች። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ስላዩት ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ለሥራው የሚጠቅሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ «ወንበር ወገን የለውም» ይላል። በርስት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ድግስ ሲደግሱ ለሁለቱም እኩል አከራይቷል፤ ከአንዱ ቤት ሲወጣ ሌላው እንዳያየው በጓሮ በኩል ዞሮ ነበር። ለምርጫ የተፎካከሩ ሰዎች ጠዋትና ከሰዓት በእሱው ወንበር ላይ ተራ በተራ ተወራርፈዋል። ታጭታ የተተወችው ልጅ ሌላ ስታገባ ወንበሩን ያቀረበው እሱ ነው፤ የተዋት ሰውዬም ሲያገባ ያቀረበው እሱ ነው፤ ሁለቱም ቤት ተመርቋል። በሁለት ቢላዋ ይበላል የሚሉት ነበሩ። እሱ ግን ጮማው አልነበረም የሚታየው፤ የሚታየው በሁለቱም ቤት «ግባ» መባሉ ነበር።

ሰው ወንበር መደርደር ቀላል ይመስለዋል። በዚያች ከተማ ግን አደራደሩ ራሱ ይናገራል። ለሠርግ ከሆነ መሐሉ ለሙሽሮች መተላለፊያ ተከፍቶ ግራና ቀኝ ይደረደራል። ለስብሰባ ከሆነ ሁሉም ወደ መድረክ ዞሮ በረድፍ ይደረደራል። ለሐዘን ከሆነ መድረክ የለም፤ ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ክብ ይሠራሉ፣ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይተያያል፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ወንበር ለብቻው ይቀመጣል። እሱ የባለሐዘኑ ነው፤ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ የተቀመጠውን ጨብጦ አጽናንቶ ነው ቦታ የሚይዘው። ይህን ማንም ማንንም አስተምሮ አያውቅም። ክብ የተደረደረ ወንበር ያየ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፣ ባርኔጣ ያለው ያወልቃል፣ በቃ።

የነዳጅ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው የሚለው ወሬ የመጣው እሱን ጉልበቱ፣ መኪናዋን ሞተሯ ማመም በጀመራቸው ሰሞን ነው። አሮጌዋ ፒክአፕ ዳገት ስታይ እንደ ሽማግሌ ቆም ብላ ታስባለች። የጋራዡ ሰውዬ ጎረቤት ስለሆነ እውነቱን ደብቆት ቆይቶ በመጨረሻ «ጋሽዬ፣ እቺ ከእንግዲህ ጸሎት እንጂ መፍቻ አያድናትም» አለው። ያለ መኪና ወንበር ማከራየት አይቻልም፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠዋል?

ቧንቧው ከወደብ ተነስቶ ወደ መሐል አገር ነዳጅ የሚያሻግር ነው። በካርታው ላይ ሲታይ ከከተማዋ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ከኮረብታው ጀርባ አልፎ ይሄዳል። ችግሩ ግን የከተማዋ ምንጭ ከዚያው ኮረብታ ሥር መውጣቱ ነው። ከተማዋ ሌላ ውሃ የላትም። ከታች የሚያልፈው ወንዝ ስም ብቻ ነው፤ ከብት እንኳ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው የሚጠጣው። ከምንጩ በላይ ነዳጅ አለፈ ማለት እንግዲህ፣ ሰው ራስጌ ላይ የሞላ ፋኖስ አስቀምጦ መተኛት ነው።

ጉዳዩን ለማስረዳት ከድርጅቱ የመጣው ሰው በዚያ ሙቀት ክራባቱን ፈትቶ ስለማያውቅ ወዲያው «ባለ ክራባቱ» ተባለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ሰው ሲያናግረው ቆሞ ይሰማል፣ ሽማግሌ ሲያይ ጎንበስ ይላል። መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ከወንበሩ አንዱን ዘርግቶ ተቀመጠበትና ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ሞከረው።

«ጋሼ፣ በመስመሩ ላይ ባሉት ከተሞች ሁሉ ስብሰባ አለብን» አለ። «ለእያንዳንዱ ሌላ ሰው ከመፈለግ ከእርስዎ ጋር የዓመት ኮንትራት ብንይዝ ይሻለናል። መኪና የሚያስፈልግዎት ከሆነም ቅድሚያ ክፍያ ይኖራል።»

ጋሽ ወንበሬ ባለቤቱን ቀና ብሎ አያት። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል «እኔ ምን አገባኝ» አለች፤ እግሯ ግን መርገጡን አቁሞ ነበር። ተጨባበጡ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በከተማው አዳራሽ ተደረገ። ወንበሮቹ በረድፍ፣ ፊታቸው ወደ መድረክ። ባለ ክራባቱ የቧንቧውን ውፍረት በጣቶቹ እያሳየ፣ ነዳጅ ሲያፈስ የሚጮኽ መሣሪያ እንዳለ እየነገረ በደንብ አስረዳ። ጥያቄ ሲባል መጀመሪያ የተነሳችው የጋሽ ወንበሬ ታላቅ እህት ናት።

እትዬ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የከተማዋን ግማሽ ያዋለደች እሷ ስለሆነች ማንንም አትፈራም፤ የከተማውን ከንቲባ ሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ ስትወለድም እግርህ ነው የቀደመው፤ አሁንም ሳታስብ ትሄዳለህ» ብላው ታውቃለች። ማይኩን ተቀብላ እንደ ቴርሞሜትር አራገፈችውና ጠየቀች።

«መሣሪያው ከጮኸ በኋላስ?»

«የማይመስል ነገር ነው እናቴ። ቢፈጠር ግን ቧንቧው ይዘጋል፤ እስኪስተካከል ውሃ በቦቴ እናቀርባለን።»

«ምንጩ እስኪጠራ ማለትህ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ ይጠራል?»

ባለ ክራባቱ ውሸት አልወደደም። «እሱን አሁን መናገር ያስቸግራል» አለ።

«እንግዲያው እኔ ልናገር» አለች እትዬ። «አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም። ያለን ምንጭ አንድ ነው። አመሰግናለሁ።» ተቀመጠች።

ሌሎችም ተነሱ፤ አብዛኛው የእሷን ሐሳብ ደገመ። በመጨረሻ ባለ ክራባቱ «ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ» ሲል አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ።

ይህ የከተማዋ አመል ነው። እዚያ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። የተናገረው ምንም ይሁን። ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን ለሚያስታውቀው ሰው እንኳ ይጨበጨባል፤ ቆሞ የደከመን ሰው በዝምታ መሸኘት ነውር ነው። እነሱ ያጨበጨቡት ለድካሙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀምሮ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ድረስ ፖስተር ተለጠፈ። ፎቶው ላይ አዳራሹ ሞልቷል፣ ሰው እየሳቀ ያጨበጭባል፣ ቀዩ ወንበር በነጭ ሰረዙ ደምቆ ይታያል። ከሥሩ «ነዋሪው ለፕሮጀክቱ ያለውን ድጋፍ በጭብጨባ ገለጸ» ይላል። ሰው ተሰብስቦ ራሱን አየ። ያጨበጨበ እጅ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገባ።

ወቀሳ ደግሞ ማረፊያ ይፈልጋል። እጁን የሚወቅስ ስለሌለ ወንበሩን መውቀስ ተጀመረ። ጋሽ ወንበሬ ፀጉር ቤት ጎራ ሲል ወሬው ይቋረጣል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያለም ሰምቷል። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ተራው ሲደርስ ባለዳቦ ቤቱ ከኋላው ያለችውን ሴት «አቤት» አላት። ጋሽ ወንበሬ ያን ቀን ዳቦ ሳይዝ ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ «አልቆብኝ ነው» አላት። ዋሽቶ አያውቅምና ፊቱ ላይ አየችው። ሰው የጠላው መሰለውና እራት ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ እትዬ መጋዘኑ መጣች። እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው።

«የተቃውሞ ስብሰባ ልንጠራ ነው። ወንበር እፈልጋለሁ።»

«እትዬ፣ ውሰጂ። ክፍያ…»

«እከፍላለሁ። ለእነሱ በገንዘብ ለእኔ በነፃ ከሆነ፣ ያዘንክልኝ ይመስልሃል። ደረሰኝም ጻፍልኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ወንበር ወገን የለውም፣ ሁልጊዜ የምለው ነው።»

«ወንበሩማ የለውም። ባለወንበሩስ?» አለች። ደረሰኙን ከእጁ እየተቀበለች ጨመረች፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ወንድሜ። ይህን ነገር ሳሳድግህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።» ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበተው ወጣች።

እሷ በጠራችው ስብሰባ ላይ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ረጅም መንገድ የሚነዳው የአውቶቡስ ሾፌር ተነስቶ፣ እንዲህ ያለ ቧንቧ ካለፈባት ከአንዲት ሩቅ ከተማ ጉድጓድ የቀዳውን ውሃ በጠርሙስ አሳየ። ንጹሕ ይመስላል። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የከፈተው ሁሉ አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። በሩ አጠገብ ሲደርስ ጋሽ ወንበሬም አሸተተው። የፋኖስ ሽታ ነበር፤ ትንሽ፣ ግን የማያሳስት። «ሰዎቹስ ምን ይጠጣሉ?» አለ ለሾፌሩ በሹክሹክታ። «ይሄንኑ ነዋ» አለ ሾፌሩ። «በሳምንት አንዴ ቦቴ ይመጣል፤ ካልመጣ ይሄንኑ።»

ሁለተኛው የድርጅቱ ስብሰባ ወሳኙ ነበር። ፈቃድ የምትሰጠው ኃላፊ ራሷ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትመጣለች፤ የነዋሪውን ስሜት አይታ ትወስናለች። ባለ ክራባቱ በዋዜማው ደወለ። «ጋሼ፣ እንዳለፈው ይሁን፤ በረድፍ፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ካሜራም ይኖራል። ከዚህ በኋላ የመኪናውን ነገር እንጨርሳለን።»

ጋሽ ወንበሬ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ወንበር አላመጣም ቢል ቃሉን ያጥፋል፤ ድርጅቱም ከሌላ ከተማ ያስመጣል፣ ምንም አይለወጥም። ቢያመጣ ደግሞ ሌላ ፖስተር ይለጠፋል። ጠዋት ተነስቶ ግቢው ውስጥ ወንበሮቹን በጎማ ያጥብ ጀመር። ውሃው በቀዩ ልብስ ላይ እየተንሸራተተ አቧራውን ይዞ ወረደ። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ፣ አይፈረድበትም፣ «ነዳጅ ነዳጅ በሚል ውሃ ወንበር እንዴት ይታጠባል?» የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን ታናሽ ወንድሙ ትዝ አለው። ካሰበው ስንት ዘመን እንደሆነው ራሱም አያውቅም። ጎማውን እንደያዘ ቆመ፤ ውሃው ጫማው ውስጥ እስኪገባ።

ወንበሮቹን አዳራሹ ደጅ ካወረዱ በኋላ አብሮት የሚሠራው ጫኝ፣ ከአፉ ይልቅ በአገጩ መናገር የሚወድ ዝምተኛ ሰው፣ እንደ ሁልጊዜው አገጩን ወደ ውስጥ ቀሰረ። እንዴት እንደርድር ማለቱ ነው።

ጋሽ ወንበሬ ባዶውን አዳራሽ አየ።

«የሐዘን» አለ።

ጫኙ ያን ቀን አፉን ከፈተ። «ማን ሞተ?»

«ደርድር ዝም ብለህ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ግድግዳውን ይዘው ደረደሩ፤ ክብ፣ ፊት ለፊት፣ መሐሉ ባዶ። አንዱን ወንበር ከበሩ አጠገብ ለብቻው አስቀመጡ።

ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ከመንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ የሚመጡት በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ እግራቸው ያውቀዋል። ባለ ክራባቱና ኃላፊዋ የመጡት ወንበሩ እየሞላ ሳለ ነው። ኃላፊዋ ሸምገል ያለች፣ ሽበቷን ያልደበቀች ሴት ናት፤ አዳራሹን አንዴ ዞራ አየችና ምንም ሳትል ክቡ ውስጥ ገብታ ከሰው መሐል ተቀመጠች። ባለ ክራባቱ ግን መድረክ ፈለገ። ፕሮጀክተር የያዘው ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ዕቃውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛሬ እንዲህ ነው የተደረደረው» አለ ጋሽ ወንበሬ፤ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

ኃላፊዋ ከተቀመጠች በኋላ መጨቃጨቅ አይቻልም። ባለ ክራባቱ ዙሪያውን ሲያይ ለብቻው የተቀመጠ አንድ ወንበር አየ፤ የሰብሳቢው መሰለው፤ ሄዶ ተቀመጠበት። ከእሱ በኋላ የገባችው ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ነበረች። እንደ ልማዷ ወደ ወንበሩ ዞራ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና «ያጽናህ ልጄ» አለችው።

«አመሰግናለሁ» አለ ባለ ክራባቱ ግራ ገብቶት።

ከኋላዋ ያለው ጨበጠው። ከዚያም ሌላው። ተቀምጠው የነበሩት ሳይቀሩ፣ ባለሐዘን ሳይጨብጡ መቀመጣቸው ከንክኗቸው እየተነሱ መጡ። «ያጽናዎት።» «ብርታቱን ይስጥዎት።» «አይዞህ፣ ሰው ሁሉ ያልፋል።» ባለ ክራባቱ መጀመሪያ ፈገግ ይል ነበር፤ ኋላ ፈገግታው ጠፋ። የሰዎቹ ፊት ቀልድ የለበትም። በመጨረሻ አጠገቡ ወዳለው የአውቶቡስ ሾፌር ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለው።

«ገና ነው» አለ ሾፌሩ። «ውሃው ነው።»

አዳራሹ ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ሰማ። አንድም ሰው አልሳቀም።

ኃላፊዋ ማይክ ሲቀርብላት በእጇ መለሰችው። «እንዲህ በተቀመጥንበት ማይክ አያስፈልግም» አለች። «ያላችሁትን በተራ ንገሩኝ።» በሐዘን ቤት ስለ ሟች እንደሚወራ ስለ ውሃው ማውራት ተጀመረ። ሾፌሩ ለጉዞ ሲነሳ የመጠጫ ጠርሙሱን ከዚያች ምንጭ ሳይሞላ እንደማይንቀሳቀስ፣ የሌላ ከተማ ውሃ ሆዱን እንደሚቆርጠው ተናገረ። አሮጊቷ ባሏ ሊሞት ሲል የመጨረሻ የጠየቀው ከምንጩ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ እንደነበር ተናገረች። እትዬ «ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ የሚነካው የእኔ እጅ ነው፤ ሁለተኛ የሚነካው ይህ ውሃ ነው» ብላ አበቃች። ተናጋሪው ሲጨርስ ማንም አያጨበጭብም፤ በሐዘን አይጨበጨብማ። ካሜራ የያዘው ሰው መሐል ቆሞ የሚያነሳው አጣ።

ተራው ዞሮ ዞሮ በሩ አጠገብ ደረሰ። ኃላፊዋ ቆሞ ያለውን ሰው አየች። «እርስዎስ? ነዋሪ ነዎት ወይስ የድርጅቱ ሠራተኛ?»

«ከእኛ ጋር ነው የሚሠሩት» አለ ባለ ክራባቱ ፈጥኖ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነትም ነበር።

ሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ ወንበሬ ዞረ። እትዬ ብቻ መሬት መሬቱን ታያለች። አዎ ቢል መኪናው አለ፣ ሥራው አለ፣ የቀረው ዕድሜው ተደላደለ። ሰው ደግሞ ከዚያ ዳቦ ቤት ጀምሮ እየረሳው ይሄዳል። በሕይወቱ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም፤ የበሩን መቃን ያዘ።

«ወንበሩን ተከራይተውኛል» አለ። «ሰውየውም ጨዋ ናቸው፤ አልዋሽም። እኔ ግን…» መቃኑን ለቀቀ። «ልጅ ሆኜ ምንጩ ገና ተገንብቶ ወደ ከተማው አልወረደም ነበር። የምንጠጣው ከወንዙ ነው። ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ሆዱን አመመው፤ ተቅማጡ አልቆም አለ፤ ሞተ። ከእንዝርት ቀጥኖ ነው የሞተው። ሰው መጣ፣ በራችን ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ ሄደ። እናቴ ብቻዋን ቀረች። ቤታችን ወንበር አልነበረም፤ መቀመጫ ቢኖረን ኖሮ አይሄዱም ነበር ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነበርኩ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ወንበር ስሰበስብ ኖርኩ። ያንን ወንዝ ዳግም አልጠጣም፤ ማንም እንዲጠጣው አልፈልግም። ወገንህ ማን ነው ካላችሁኝ፣ እኔ ከምንጩ ወገን ነኝ።»

ኃላፊዋ የያዘችውን ፋይል ዘጋች። ከዚያ ተነስታ «ከምንጩ በላይ ባለው መስመር ላይ ዛሬ የምፈርመው ነገር የለም» አለች፤ ለአሮጊቷ እጅ ነስታ ወጣች። መስመሩ ከከተማዋ በታች ዞሮ እንዲያልፍ የተወሰነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን ማሸነፉን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንደ ሐዘን ቤት እየተንሾካሾኩ ተበተኑ።

ባለ ክራባቱ መጨረሻ ላይ ወደ ጋሽ ወንበሬ መጣ። ክራባቱን ፈትቶ እጁ ላይ ጠቅልሎታል።

«ኮንትራቱ እንግዲህ… መቅረቱ ይገባዎታል።»

«ይገባኛል ልጄ።»

ሄድ ብሎ ተመለሰ። «እናቴን የቀበርኩ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልጨበጠኝም» አለና ወጣ። ጋሽ ወንበሬ አዘነለት። እውነቱን ለመናገር ለራሱም አዘነ፤ መኪናዋ ደጅ ቆማ ትታየዋለች።

ጫኙ የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ወንድምና እህት ብቻ ናቸው። እትዬ ወገቧን ይዛ ወንበር ማጠፍ ጀመረች፤ «ተይ» ቢላት አልሰማችም። ትንሽ እንደቆዩ ያጠፈችውን መልሳ ዘረጋችና ተቀመጠችበት።

«አግዳሚ ነበር» አለች።

«የት?»

«ደጃችን ላይ፣ ያን ቀን። አናጢው ጎረቤታችን ሁለት አግዳሚ ተሸክሞ አምጥቶልን ነበር። የጠረግኳቸው እኔ ነኝ። አንተ ትንሽ ነበርክ፣ አታስታውስም። ማንም አልተቀመጠባቸውም።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ሰው የሄደው መቀመጫ አጥቶ አይደለም፣ ወንድሜ። በሽታው ይይዘናል ብሎ ፈርቶ ነው።»

ጋሽ ወንበሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በአዳራሹ ዙሪያ ያሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር።

«ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ…»

«ዕድሜህን ሙሉ። እኔ ደግሞ ለንግድ መስሎኝ።»

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች። ያ ልጅ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱለት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሲረጋጋ አፍንጫውን ጠርጎ ጠየቃት።

«እማዬ ታውቅ ነበር? ሰው ለምን እንደሄደ?»

«በደንብ ታውቅ ነበር። ማን ማን በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ በስማቸው ታውቃቸው ነበር።»

«አንድም ቀን ሰው ስትወቅስ አልሰማኋትም።»

«አልወቀሰችም» አለች እትዬ። «ግን ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሰዎች ቤት አንድም ሐዘን ቀርታ አታውቅም። ትሄድና መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ መጨረሻ ትነሳለች።»

የመኪናዋ ድምፅ ከዳገቱ እያስነጠሰ ሲመጣ ተነሱና የቀሩትን ወንበሮች አብረው አጠፉ።